ግሪክ ላይ አንድ ቀን ብቻ ላላችሁ፦ ኤጊና ደሴት ደርሶ መልስ፣ ሳትሯሯጡ

አቴንስ ስለምኖር ሰመር በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚገባው ጥያቄ አንድ አይነት ነው፦ "አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ ሳንቶሪኒ ሄጄ ማታ መመለስ እችላለሁ?" አትችሉም። ማለቴ በፌሪ ከሆነ ፈጣኑ እንኳን ለመሄድ ብቻ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ መደበኛው ደግሞ 7 እና 8 ሰዓት፣ ስለዚህ ቀኑ መርከብ ላይ ያልቃል። እኔ ሁሌ የምልከው ኤጊና ነው፣ ከፒሬየስ ወደብ በመደበኛው ፌሪ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በፈጣኑ 40 ደቂቃ አካባቢ። ቤተ መቅደስ አለ፣ ባህር አለ፣ ገዳም አለ፣ አሳ አለ፣ ፒስታቺዮ አለ። መልሱን ለእያንዳንዱ ሰው በቮይስ ከምልክ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዘና ያለ ቀን እንዲሆን ከፈለጋችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሩቁን ጠዋት ጨርሱ፣ ወደቡ አጠገብ ያለውን ለከሰዓት አቆዩት። ምክንያቱ ፀሐይና አውቶቡስ ነው። እኩለ ቀን ላይ ኮረብታ ላይ ከሆናችሁ ትቃጠላላችሁ፣ ከሰዓት ላይ ከወደቡ ራቅ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ አውቶቡስ ሲዘገይ ፌሪው ያመልጣችኋል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ (ትኬቱ በስም ነው የሚቆረጠው፣ መታወቂያ ሊጠይቁ ይችላሉ)
- ካሽ፣ በተለይ ሳንቲምና 5 እና 10 ዩሮ። ካርድ ብዙ ቦታ ይሰራል ግን ለአውቶቡስና ለትንንሽ ሱቅ ካሽ ይቀላል
- ኮፍያ፣ ሰንስክሪን። "እኛ ጥቁር ነን አንቃጠልም" የምትሉ ማታ ትደውሉልኛላችሁ
- የዋና ልብስ፣ ፎጣ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ጫማ
- ነጠላ ወይም ሻርፕ። ለገዳም ትከሻ መሸፈኛ፣ ለፌሪው ንፋስ፣ ለባህር ዳርም መቀመጫ ይሆናል፣ አንድ ዕቃ ሶስት ስራ
- ረጅም ቀሚስ ወይም ረጅም ሱሪ ገዳም ለምትሄዱ
- ውሃ። ግማሽ ሊትር ኪዮስክ ላይ ወደ 50 ሳንቲም ነው፣ ባህር ዳር ካፌ ላይ ግን ይወደዳል
- ፓወር ባንክና ሶፍት

1. ቀኑን ምረጡ

ከቻላችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ የአቴንስ ሰው ሁሉ ወደዚያው ነው የሚወጣው። በጣም የሚጨናነቀው ደግሞ ኦገስት 15 አካባቢ ነው፣ ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩበት ነው፣ እኛ ገና ፍልሰታን እየጾምን እያለን ማለት ነው። ፋሲካም እንደዛው፣ የኛና የነሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ስለሚውል "በበዓሉ እረፍት አለኝ እስኪ ልሂድ" ብትሉ ሌላውም ሰው እረፍት ላይ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ማታ ሁለት ነገር ቼክ አድርጉ፦ የመርከበኞች አድማ መኖር አለመኖሩንና ንፋሱን። ጁላይና ኦገስት ላይ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ንፋስ አለ፣ ሲበረታ ወደቡ መርከብ እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ቀድሞ የሚቆመው ደግሞ ትንሹ ፈጣኑ ጀልባ ነው። ንፋስ ካለ የመደበኛውን ትኬት ቁረጡ።

2. ትኬት ቁረጡ

ኦንላይን ወይም ወደቡ ላይ ካሉት ቢሮዎች ይገኛል። በስራ ቀን ወደቡ ላይ መቁረጥ ብዙም አያስቸግርም፣ በቅዳሜና እሁድ ግን ቀድማችሁ ያዙ። እኔ ሁሌ የምመክረው መደበኛውን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ዴክ ላይ ወጥታችሁ ትቀመጣላችሁ። ፈጣኑ ውስጥ እንደ አውሮፕላን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በመስኮት ብቻ ነው የምታዩት፣ ሆዳችሁ ቶሎ የሚረበሽ ከሆነም አይመከርም።

መመለሻውን ስትመርጡ የመጨረሻዋን ፌሪ አትያዙ፣ ከመጨረሻዋ በፊት ያለችውን ያዙ። እሷ ካመለጠቻችሁ ሌላ ትኬት ትገዛላችሁ፣ የመጨረሻዋ ካመለጠቻችሁ ግን ሆቴል ነው የምትፈልጉት፣ ያውም በሰመር።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ትኬቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የተጻፈው። አንዴ ከአሜሪካ የመጣችውን አክስቴን "ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገናኝ" አልኳት፣ እኔ በኛ ጠዋት 2 ማለቴ ነው፣ እሷ እዛ 30 ዓመት ኖራ ሰዓቷ ፈረንጅ ሆኗል። ፌሪው ከሄደ ከ6 ሰዓት በኋላ ከነቅርጫቷ መጣች። ስለዚህ በቡድን የምትሄዱ ከሆነ የትኬቱን ፎቶ ተላላኩ፣ በቃል አትስማሙ። እዚህ ጽሑፍ ላይም ሰዓቱን በኛ አድርጌ የፈረንጁን በቅንፍ አስቀምጣለሁ።

3. ፒሬየስ ድረሱና በሩን አግኙ

ከመሀል አቴንስ በሜትሮ ነው፣ አረንጓዴው መስመር (1) ወይም ሰማያዊው (3)፣ ሁለቱም መጨረሻ አካባቢ ፒሬየስ ይላል። ሰማያዊው ከኤርፖርት ያለ ቅያሪ ይመጣል፣ ግን የኤርፖርት ትኬት ከከተማው ትኬት የተለየና ውድ ነው፣ በከተማው ትኬት ተሳፍራችሁ ከተያዛችሁ ቅጣት አለ።

ወደቡ በጣም ትልቅ ነው፣ በሮቹ ኢ1 እያሉ በቁጥር ይሄዳሉ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእግር የሚያልቅ አይደለም። የኤጊና ፌሪ የሚነሳው ኢ8 አካባቢ ነው፣ ከሜትሮው ስትወጡ ባህሩን በቀኛችሁ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ገደማ ትሄዳላችሁ። ትኬታችሁ ላይ ሌላ በር ከተጻፈ ግን የተጻፈውን እመኑ። ፌሪው ከመነሳቱ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፣ የግሪክ ነገር ይዘገያል ትሉ ይሆናል፣ ፌሪ አይዘገይላችሁም፣ በሩን እያነሳ እያያችሁት ነው የሚሄደው።

ጠዋት 2 ሰዓት (8:00) አካባቢ የሚነሳውን ከያዛችሁ 3 ሰዓት ከ20 (9:20) ገደማ ላይ ኤጊና ናችሁ።

4. እንደወረዳችሁ መጀመሪያ አውቶቡስ፣ ከዛ ቡና

ሁሉም ሰው ከፌሪ ወርዶ መጀመሪያ ካፌ ነው የሚቀመጠው፣ ወደቡ ያምራላ፣ ነጭ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውሃው ዳር ላይ አለች፣ ጀልባ ላይ አትክልት የሚሸጡ አሉ። እናንተ ግን መጀመሪያ ወደቡ አጠገብ ወዳለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ሂዱ፣ ሰሌዳውን ፎቶ አንሱት፣ መሄጃውንም መመለሻውንም። አውቶቡሱ እንደ ከተማ በየ10 ደቂቃው አይመጣም፣ አንዱ ካመለጠ ረጅም መጠበቅ አለ። የምትፈልጉት ወደ አጊያ ማሪና (ዋና ያለበት የባህር ዳር መንደር) የሚሄደውን ነው፣ በአጊዮስ ኔክታሪዮስ ገዳም በኩል አድርጎ በቤተ መቅደሱ በር ላይ ያልፋል፣ አንድ መስመር ሶስቱንም ይጨርስላችኋል። ትኬት ቁረጡ፣ የቀራችሁን ደቂቃ ቡና ጠጡበት።

ቡናውን ስታዙ፦ "ኤሊኒኮ" የሚሉት በትንሽ ሲኒ የሚመጣው ነው፣ "ስኬቶ" ያለ ስኳር፣ "ሜትሪዮ" መካከለኛ፣ "ግሊኮ" ጣፋጭ። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ከመጣ በኋላ አይጨመርም፣ ቀድማችሁ ንገሩ። ዝቃጩ እስኪሰክን ትንሽ ጠብቁ፣ አታማስሉት።

ስኩተርና ኳድ የሚያከራዩ ይጠሯችኋል። መንጃ ፈቃዳችሁ ለዛ አይነት ተሽከርካሪ የማይሆን ከሆነ አከራዩ ችግር የለም ቢላችሁም ችግሩ የሚመጣው ስትጋጩ ነው፣ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። አራት ከሆናችሁ ታክሲ ተካፈሉ።

5. አፌያ ቤተ መቅደስ (1 ሰዓት ይበቃል)

ከወደቡ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥድ ያለበት ኮረብታ ላይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት አካባቢ የተሰራ ነው፣ ከ32ቱ አምዶች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል። አምዶቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ አብዛኞቹ ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ግን በቁርጥራጭ የተደራረቡ ናቸው፣ መጋጠሚያውን ፈልጉት፣ ልጆች ካሉ ጥሩ ጨዋታ ነው። ጣሪያው ስር የነበሩትን ሐውልቶች ግን አትፈልጉ፣ ሙኒክ ሙዚየም ነው ያሉት፣ ጀርመን ያላችሁ እዛው ታዩዋቸዋላችሁ።

ለምን ጠዋት? ግቢው ውስጥ ጥላ የለም ማለት ይቻላል፣ ጥላው ከአጥሩ ውጪ ጥዱ ስር ነው። የመክፈቻ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚቀያየር ማታውን ኦንላይን ቼክ አድርጉ። ከኖቬምበር እስከ ማርች የወሩ የመጀመሪያ እሁድ መግቢያ ነፃ ነው።

6. ወይ ዋና፣ ወይ ገዳም

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ሁለቱንም ካላየሁ ይልና ቀኑን ሙሉ ሰዓት እያየ ይውላል። አንዱን ምረጡ።

ዋና ከሆነ አጊያ ማሪና ውረዱ፣ ከቤተ መቅደሱ በታች ነው፣ በአውቶቡስ ትንሽ ደቂቃ ነው፣ በእግርም ቁልቁል መንገድ አለ። አሸዋ ነው፣ ውሃው ዳር ላይ ብዙ ርቀት ድረስ ጥልቀት የለውም። ይሄን የምለው ከኛ ውስጥ ብዙው ሰው ዋና ስለማይችል ነው፣ እኔም እዚሁ መጥቼ ነው የተማርኩት። ዋና የማትችሉ ውሃው ወገብ ላይ ሲደርስ ቁሙ፣ "ጓደኛዬ ይችላል" ብላችሁ አትከተሉት። ድንጋይ ካለበት በኩል የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ጫማውን አድርጉ፣ ጥቁር እሾሃማ ኳስ የሚመስል የባህር እንስሳ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ከረገጣችሁት እሾሁ እግራችሁ ውስጥ ይሰበራል፣ ቀኑ እዛው ላይ አለቀ።

የጥላና የወንበር ዋጋ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። ዋጋው የሁለት ወንበር ይሁን የአንድ፣ ከሚጠጣ ጋር ይሁን ያለሱ ለዩ። ባህር ዳሩ ራሱ የህዝብ ነው፣ ነጠላችሁን አንጥፋችሁ ባዶ አሸዋ ላይ ብትቀመጡ ማንም አያስነሳችሁም።

ገዳም ከሆነ ስትመለሱ አጊዮስ ኔክታሪዮስ ላይ ውረዱ፣ ከወደቡ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው ከመንገዱ የሚታየው፣ ሰው የሚሳለመው መቃብር ግን ከፍ ብሎ ገዳሙ ውስጥ ነው፣ ጆሯቸውን ድንጋዩ ላይ አስጠግተው የሚያዳምጡ ታያላችሁ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። መሳለም፣ ሻማ ማብራት ችግር የለውም፣ ቁርባን ግን የኛና የነሱ ቤተ ክርስቲያን አንድ አይደለም፣ ሰልፉ ውስጥ ገብታችሁ ካህኑንም ራሳችሁንም አታስቸግሩ። ኖቬምበር 9 በዓሉ ነው፣ ከፍተኛ ሕዝብ ነው የሚመጣው።

የመረጣችሁት የትኛውንም ይሁን 8 ሰዓት ተኩል (14:30) ላይ ወደብ ሁኑ።

7. ምሳ

ግሪኮች ምሳ የሚበሉት 8 እና 9 ሰዓት (14:00 እና 15:00) ላይ ነው፣ ስለዚህ አልረፈደባችሁም። ከወደቡ ፊት ለፊት ካለው የመጀመሪያ ረድፍ አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ግቡ፣ የአሳ ገበያው እዛ ነው፣ አጠገቡ ትንንሽ ታቬርናዎች ጠረጴዛ መንገዱ ላይ አውጥተው አሳ ይጠብሳሉ። ሽታው ራሱ ይመራችኋል።

መጀመሪያ ስለ ጾምና ስለ ስጋ፣ በጣም የምጠየቀው ይሄ ነው።

ግሪክም ረቡዕና ዓርብ ጾም አለ፣ "ኒስቲሲሞ" ካላችሁ የጾም ምግብ ማለት ነው፣ ይገባቸዋል። ግን የነሱ ጾም ኦክቶፐስ፣ ካላማሪ፣ ሽሪምፕ ይፈቅዳል! ኒስቲሲሞ ብላችሁ ዝም ካላችሁ ስምንት እግር ያለው ነገር ሳህን ላይ ይመጣል። ስለዚህ ምግቡን በስሙ እዘዙ፦
- ፋቫ፦ የተፈጨ ቢጫ ክክ ነው፣ ላዩ ላይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት። እርድ የሌለው ክክ አልጫ በሉት፣ በእንጀራ ፋንታ በዳቦ
- ሆርታ፦ የተቀቀለ ጎመን ነገር፣ በሎሚና በዘይት
- ጊጋንዴስ፦ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም
- ሜሊዛኖሳላታ፦ የተጠበሰ ደበርጃን ተፈጭቶ። አንዳንዱ ቤት እርጎ ወይም ማዮኔዝ ይጨምርበታል፣ ጠይቁ
የገጠር ሰላጣ የሚሉት "ሆሪያቲኪ" ላይ አይብ አለ፣ "ሆሪስ ፌታ" በሏቸው፣ ያለ አይብ ማለት ነው።

ስጋ ላይ ደግሞ፣ ጊሮስና ሱቭላኪ ምንም ካላላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። "ሂሪኖ" ማለት አሳማ ነው፣ ይሄን ቃል ሜኑ ላይ ለይታችሁ እወቁ። ዶሮ "ኮቶፑሎ"፣ በግ "አርኒ"፣ ጥጃ "ሞስካሪ"። ቢፍቴኪ የሚሉት የተፈጨ ስጋ የበሬና የአሳማ ቅልቅል ሊሆን ይችላል፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆኑ ሳትጠይቁ አትዘዙ።

አሁን ወደ አሳው። ትልልቁ አሳ በኪሎ ነው የሚሸጠው፣ ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ የሳህን አይደለም። ለምሳሌ ኪሎው 60 ዩሮ ቢሆንና አሳው 700 ግራም ቢመዝን 42 ዩሮ ነው። ወንድሜን ይዤ አንድ ቦታ (ስሙን አልጠራም) ሄደን ያመጡልንን በላን፣ ሒሳቡ ሲመጣ ሁለታችንም እንዳልገባን ሆነን ወረቀቱን ገለበጥነው፣ ጀርባው ባዶ ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው፣ አላስመዘንንም። አሳውን ምረጡ፣ ፊታችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ዋጋውን ንገሩኝ በሉ፣ ከዛ ይጠበስ። ይሄ እዚህ አገር ነውር አይደለም፣ ግሪኮቹም ያደርጉታል።

ሒሳብ የማያስጨንቅ ከፈለጋችሁ ሳርዲን (ሳርዴላ) ወይም ጋቭሮስ የሚባለውን ትንሽ አሳ እዘዙ፣ በሳህን ነው ዋጋው። ክንፍና ቅርፊት የሌለው አንበላም ለምትሉም ሁለቱ ይሆናሉ። ሜኑ ላይ ስሙ አጠገብ ኮከብ ምልክት ካለ ብዙ ጊዜ ፍሪዝ የነበረ ነው ማለት ነው፣ ባህር ዳር ተቀምጣችሁ የፍሪዘር አሳ እንዳትበሉ ታች ያለውን ማብራሪያ አንብቡ።

ሳታዙት የሚመጣው ዳቦ ነፃ አይደለም፣ በሰው ትንሽ ይቆጠራል፣ ካልፈለጋችሁ መልሱት። ሁሉንም በአንዴ አትዘዙ፣ ሁለት ሁለት ሳህን መሀል ላይ እያደረጋችሁ እንደ ማዕድ ተካፈሉ፣ ግሪኮቹም እንደዛ ነው የሚበሉት፣ ማንም "ሂዱልን" አይላችሁም። ሒሳብም ካልጠየቃችሁ አይመጣም፦ "ቶን ሎጋሪያዝሞ፣ ፓራካሎ"። ኡዞ አዲስ አበባ እያለን የምናውቃት ናት፣ እዚህ ውሃና በረዶ ሲገባባት ነጭ ትሆናለች፣ በፀሐይ ላይ ሁለተኛውን ብርጭቆ ግን ለሌላ ቀን።

8. ፒስታቺዮ ግዙ፣ ኮሎና ሂዱ

አረብ አገር የሰራችሁ ፉስቱቅ የምትሉት ነው። የኤጊናው በአውሮፓ ህግ ስሙ የተጠበቀ ነው፣ ወደቡ ላይ በየኪዮስኩ ይሸጣል። "ፊስቲኪ" ብቻ አትበሉ፣ ለውዝም በዚሁ ስም ስለሚጠራ "ፊስቲኪ ኤጊኒስ" በሉ። ቅመሱ፣ ያቀምሷችኋል። ቅርፊቱ በራሱ የተከፈተውን፣ ሲታኘክ ቀጭ የሚለውን ውሰዱ፣ ለስላሳ ከሆነ እርጥበት ገብቶበታል። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር የለቀማው ጊዜ ነው፣ ያኔ እርጥቡን ታገኛላችሁ፣ እሱ ግን ቶሎ ይበላሻል፣ ለአዲስ አበባ የምትልኩ የተቆላውን ግዙ።

ከምሳ በኋላ የምትሄዱት ኮሎና ከወደቡ በእግር 10 ደቂቃ ነው፣ አንድ አምድ ብቻ የቀረው የአፖሎ ቤተ መቅደስ ያለበት። ቦታው ከተዘጋ አትዘኑ፣ ከሥሩ ትንሽ ባህር ዳር አለ፣ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ የፒስታቺዮ አይስክሬም ብሉ።

9. መመለስ

ፌሪው ከመነሳቱ 20 ደቂቃ በፊት መሰላሉ ጋ ቁሙ። ተመሳሳይ ፌሪዎች ወደሌሎች ደሴቶችም ስለሚሄዱ ስትገቡ "ፒሬያ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የማይቀሩ ስህተቶች

- ሶፍት ሽንት ቤት ውስጥ መጣል። ቱቦው ቀጭን ነው፣ ይደፈናል፣ አጠገቡ ያለው ቅርጫት ውስጥ ነው የሚጣለው።
- ሞኒ የምትባለውን ትንሽ ደሴት፣ ፔርዲካ የምትባለውን መንደር፣ ቤተ መቅደሱንና ገዳሙን በአንድ ቀን ማጨቅ። ሞኒ ላይ ጣዎስ በነፃ ይዞራል፣ ያምራል፣ ግን ከወደቡ ሌላ አቅጣጫ ነው፣ እሱ የሌላ ቀን ጉዞ ነው።
- "ኔ" ሲሏችሁ "ኖ" መስሏችሁ ማዘን። ኔ ማለት አዎ ነው፣ እምቢታው "ኦሂ" ነው።
- ይሄኛው የኛ ብቻ ነው። እኛ አዎ ስንል ቅንድብ ከፍ አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን፣ ግሪክ ደግሞ ቅንድብና አገጭን ከፍ ማድረግ "አይ" ማለት ነው። አስተናጋጁ "ሳርዲኑን ላምጣ?" አለኝ፣ እኔ ቅንድቤን አነሳሁ፣ እሱ ሄደ፣ 40 ደቂቃ ጠብቄ ለሌላ ጠረጴዛ ሲሰጥ አየሁት። አፋችሁን ከፍታችሁ "ኔ" በሉ።